ከብየዳው አጠገብ



በምስክርነት ሰዓት የሚነሡ ሰዎችን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ ሥራ ያገኘ ይነሣል። አዲስ ቤት የገባ ይነሣል። ባጃጅ የገዛ ቁልፉን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ጉባኤው «ሃሌሉያ» ይላል፤ እኔም ከልቤ እላለሁ። ሆኖም በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ሰው ተነሥቶ «ወገኖች፣ የቤታችን ማቀዝቀዣ አሥራ ስምንት ዓመቱን ያዘ፣ ዛሬም ይሠራል፣ ጌታ ይመስገን» ሲል አልሰማሁም። የተተካ ነገር ምስክርነት አለው፤ የቆየና የተጠገነ ነገር ዝም ተብሎ ይታለፋል። ባለፈው ዓመት ይህ ጉዳይ በሳይክል መልክ ቤቴ ድረስ መጣና ለብዙ ሳምንታት ሳስበው ከረምኩ።

ዘዳግም ምዕራፍ 8ን ክፈቱ። ሙሴ ሕዝቡን የአርባ ዓመቱን ጉዞ ሲያስታውሳቸው በቁጥር 3 ስለ መናው ይናገራል፤ ወዲያው በቁጥር 4 ደግሞ ስለ ልብሳቸውና ስለ እግራቸው። ልብሳቸው አላረጀም፤ እግራቸው አላበጠም። ምዕራፍ 29 ላይ ሲደርስ ጫማቸውንም ይጨምረዋል። መናው በየጠዋቱ አዲስ ነበር፤ አሳድሮ የተገኘ ሰው ተልቶ አገኘው። ጫማው ግን ያው አሮጌው ጫማ ነው። አንዱ አምላክ በአንዱ በረሃ አንዱን ነገር በየቀኑ እየተካ፣ ሌላውን ነገር አርባ ዓመት እያቆየ መገባቸው። እኔን የገረመኝ ሁለቱ ተአምራት ጎን ለጎን መጻፋቸው ነው። መናው ከሰማይ ሲወርድ ሁሉም አየ። ጫማው አለመቀደዱን ግን ማን ልብ ይላል? ጫማ ትዝ የሚለን ሲቀደድ ነው።

አሁን ወደ ሳይክሉ። ድሬዳዋን የምታውቁ ከዚራን ታውቃላችሁ። የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች በመስመር የቀየሱት ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ ዳርና ዳሩ በዛፍ የተጠለለ ነው። ሙቀቱን ለቻለ ሰው ለሳይክል የሚመች ከተማ ነው። አባቴ በምድር ባቡር ወርክሾፕ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤ ሳይክሉን ከአንድ የሥራ ባልደረባው አሮጌ ሆኖ ነው የገዛው። የእንግሊዙ ራሌ ፋብሪካ ያስፋፋው፣ በኋላም ህንድና ቻይና በብዛት የሠሩት ዓይነት ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ረጅም፣ ፍሬኑ በሽቦ ገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ። አባቴ በእሱ ሥራ ሄደ፣ በእሱ ገበያ ወጣ፣ በእሱ እናቴን ወደ ማዋለጃ ወሰዳት። (ይህን የመጨረሻውን እናቴ ትክዳለች፤ በጋሪ ነው የሄድኩት ትላለች።) የፔዳሉን ክንድ የምትይዘው ሽብልቅ ብረት ስትበላበት ከገበያ አይገዛም ነበር፤ በምሳ ሰዓት ራሱ በቶርኖ ይሠራታል። ወርክሾፑ እንደዚያ ነበር፤ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ባቡር አይቆምም፣ የጠፋው ክፍል እዚያው ይቀረጻል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሌሊት ከተማዋን መታ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ አብዛኛው ወር አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ፣ ነው ይህን ያደረገው። እኛ ቤት ውኃው እስከ ወገብ ደርሶ ነበር፤ እኛ ግን ተረፍን። ሳይክሉ ጭቃ ውስጥ ቀናት ቆየ። አባቴ ያን ሰሞን ሳይክሉን አልነካም። የጎረቤቱን ሁሉ የተበላሸ ምድጃ፣ የበር ማጠፊያ፣ የስፌት መኪና ግቢያችን አምጥቶ ሲፈታና ሲያጥብ ሰነበተ። ቤተሰቡን የቀበረ ጎረቤት መጥቶ አጠገቡ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ አባቴም ምንም ሳይል ብሎን ይሰጠውና «ያዝልኝ» ይለው ነበር። ሳይክሉን የፈታው ከሁሉ በኋላ ነው። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጋዝ አጥቦ፣ ግሪስ ቀብቶ መለሳቸው።

እሱ ካለፈ በኋላ ሳይክሉ ለእኔ ደረሰኝ። የማስተምረው ሳቢያን አካባቢ ነው፤ የምኖረው በመጋላ በኩል። ጠዋት ደቻቱን ተሻግሬ፣ ከዚራን አቋርጬ እሄዳለሁ። ልጄ ከኋላ መጫኛው ላይ፣ እናቴ በሰፋችላት ትራስ ላይ ትቀመጣለች፤ ትምህርት ቤቷ በመንገዴ ላይ ነው። የአሸዋው ብናኝ ካቴናውን ይበላዋል። ፕሮሶፒስ የሚባለው የዛፍ እሾህ ጎማውን ይበሳዋል። ካላማዳሪያዬ ላይ ሰባት ልጣፍ አለ፤ በግንቦት ሙቀት ማስቲሹ ሲላላ ስምንተኛው ይጨመራል። ይህን ሁሉ ለምጄው ነበር። ያልለመድኩት አንድ ድምፅ ነው፤ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ከታች «ቅጭ፣ ቅጭ» ይል ጀመር።

ከቀፊራ ገበያ ወዲህ፣ ኒም ዛፍ ሥር ሳይክል የሚሠራ አንድ አዛውንት ሙስሊም አለ። በአባቴ ዕድሜ ነው፤ ግን አንተ እለዋለሁ፣ ምክንያቱም በእኛ ከተማ አንቱ ያልከው ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ይጠይቅሃል። ሳይክሉን ገለበጠው። ፔዳሉን ወደፊትና ወደ ኋላ ነቀነቀ። ከዚያ ካቻቢቴውን አነሣና የታችኛውን ቱቦ ቀለም ፋቀው።

«አቦ፣ ይህን ማን ነው የበየደው?» አለኝ።

የተበየደ መሆኑን በዚያን ሰዓት ነው ያወቅሁት። እኔ ለትምህርት ከከተማ ርቄ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ አንድ ቦታ ወስዶ አስበይዶት፣ በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበት ኖሯል። ቀለሙ ሲነሣ ጎርበጥ ያለው የብየዳ መስመር ታየ። ሽማግሌው ግን ጣቱን መስመሩ ላይ አላደረገም። ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ፈንጠር ብሎ፣ ንጹሕ በሚመስለው ቱቦ ላይ አሳረፈው። እዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ።

ያስረዳኝን በራሴ ቃል ልንገራችሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁና። እንዲህ ዓይነት አሮጌ ሳይክል ሲሠራ ቱቦዎቹ እጅጌ በሚመስል መገጣጠሚያ ውስጥ ይገቡና በናስ ይያያዛሉ። ናሱ በ900 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ብረቱ ራሱ ለመቅለጥ ወደ 1,500 ይፈልጋል። ስለዚህ ናሱ ክፍተቱን ሞልቶ ሲይዝ ቱቦው አይቀልጥም። በኤሌክትሪክ ብየዳ ግን የሚቀልጠው ቱቦው ራሱ ነው። ቱቦው ስስ ነው። በዚያ እሳት ሲመታ ብየዳው ይጠነክራል፤ ከአጠገቡ ያለው ብረት ግን ሙቀቱ ባሕርዩን ይለውጠዋል። በየቀኑ ክብደት ሲያርፍበትና ሲነሣ እዚያ ጋ ይደክማል። «ብየዳው አይሰበርም» አለኝ፤ «ጎኑ ነው የሚሰበረው። የበየደው ሰው ደግሞ ብየዳውን ብቻ አይቶ ጥሩ ሠራሁ ይላል።»

«እንግዲያው አንተ በይድልኝ» አልኩት።

«ልጅቷን ከኋላ ትጭናለህ አይደል?»

«አዎ።»

«ወላሂ አልበይድም።» ትንሽ ቆይቶ ሳቀና «ብቻህንም ብትሆን አልበይድም» አለ። ላየበት ገንዘብ አልተቀበለኝም። ሊበይድልኝ፣ ቀለም ሊቀባልኝና ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር፤ እኔም አመስግኜው እሄድ ነበር።

ሳይክሉን እየገፋሁ ወደ ቤት ስሄድ የገላትያ መልእክት ምዕራፍ 6 ቁጥር 1 መጣብኝ። ጳውሎስ በበደል የተገኘን ሰው መንፈሳውያን የሆኑት እንዲያቀኑት ይላል፤ በየዋህነት። «ማቅናት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል «ካታርቲዞ» ነው። ይኸው ቃል በማቴዎስ 4፥21 ላይ አለ፤ ያዕቆብና ዮሐንስ ከአባታቸው ጋር በታንኳ ውስጥ መረባቸውን ሲያበጁ ጌታ ጠራቸው። ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲጠግን ቀዳዳውን ጎትቶ አያስርም፤ ጎትቶ ካሰረው በዙሪያው ያለው ክር ይበጠሳል። ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ስለ መጠገን ሲጽፍ እጁ የሚያውቀውን ነገር ነው የጻፈው። ለምን «በየዋህነት» እንዳለ ለረጅም ጊዜ የገባኝ ለተሳሳተው ሰው ስሜት ሲባል ነው ብዬ ነበር። ያን ቀን ግን ስለ እሳቱ መጠን አሰብኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማውቃት አንዲት ጉባኤ አንድ ወጣት ዘማሪን በተግሣጽ ሥርዓት አሳለፈች። ጥፋቱ እውነተኛ ጥፋት ነበር፤ ተግሣጽም ይገባው ነበር። አንድ እሑድ በሙሉ ጉባኤ ፊት ቆሞ ነገሩ በዝርዝር ተነበበ፤ ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ሄዶ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ልጁ ንስሐ ገባ፣ ታገሠ፣ ዛሬ ከማንም በላይ ይጸልያል። ሽማግሌዎቹም «አያችሁ፣ ተግሣጽ ሰው ያቆማል» ሲሉ በምሳሌነት ይጠቅሱታል። ልክ ናቸው፤ ብየዳው ይዟል። በዚያ እሑድ አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰም። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ስሙ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም፤ ማንም አልገሠጸውምና ማንም አልቆጠረውም። አሁን ባጃጅ ይነዳል።

ወደ ሳይክሉ ልመለስ፤ መወሰን ነበረብኝ። ጅቡቲ ያለችው እህቴ ነገሩን ስትሰማ ለአዲስ የሚሆን ገንዘብ ላከች። በኅብረታችን ያለ ወዳጄም ከ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ጠቅሶ አሮጌውን ነገር ተውና በእምነት አዲሱን ተቀበል አለኝ። እወደዋለሁ፣ ነገር ግን ያ ቃል ስለ ሳይክል አይደለም። ስለ ሰውም ቢሆን ጳውሎስ አዲስ ፍጥረት ከሆነ በኋላ ያንኑ የድንኳን መስፊያ መርፌውን አልጣለም። አዲሶቹን ግን ሄጄ አየኋቸው። ያማሩ ናቸው፤ ማርሽ አላቸው፣ ፊታቸው ላይ ስፕሪንግ አላቸው። ሽማግሌውን ሳማክረው «ማርሹ ሲበላሽ ወደ እኔ አታምጣው» አለ። ለአንድ ወር ማርሽ ይዞ ለሚቀጥሉት ዓመታት መለዋወጫ የሌለው ሳይክል ለአስተማሪ ደመወዝ አይሆንም። እኔ የምፈልገው በሰፈሬ የሚፈታ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የከተማችን ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ የተወለደችው በጥገናና በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። መቶ ዓመት ሙሉ ከተማዋ ያንን ሐዲድ ስትጠግን ኖረች፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የማደስ ሥራም ተጀምሮ ነበር፣ ዳር ግን አልደረሰም። በመስከረም 2009 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመረቀ፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የአሮጌው ፉርጎ ጎማ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊቆም አይችልም። የጡረታ ጓደኞቹ አሮጌው መታደስ ነበረበት ብለው ሲከራከሩ አባቴ መሐላቸው ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ብቻ «የሚጭነውን መሸከም ካልቻለ ምን ታደርገዋለህ?» አለ። ይህን ያለው ዕድሜውን ሙሉ ያንን ባቡር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ የአባቴን ሳይክል መተው አባቴን መካድ ነው የሚለው ስሜት ሲመጣብኝ የራሱ ቃል መልስ ሆነኝ።

ሽማግሌው አንድ ሐሳብ አመጣ። ከዛፉ ላይ ሰንሰለት አስሮ የሰቀላቸው ባዶ የሳይክል አካሎች ነበሩት፤ ከእነሱ መሐል አንዱ የእኔን ዓይነት፣ በናስ የተያያዘ፣ ማንም ያልበየደው ነበር። ክር አወጣ። ከፊት አንገቱ አስነሥቶ በኋላ ጎማ መያዣው በአንዱ በኩል አዞረና በሌላው በኩል ወደ አንገቱ መለሰው፤ ከዚያ ክሩ ከመካከለኛው ቱቦ በግራና በቀኝ ስንት እንደሚርቅ ለካ። እኩል ነው። እኩል ካልሆነ አካሉ ተጣሟል ማለት ነው። ከዚያ የእኔን ቸርኬዎች፣ መሪውን፣ ኮርቻውን፣ የፍሬኑን ዘንጎች፣ ደወሉን አዛወረ።

ካቴናው ላይ ተከራከርን። ሃያ አራት ቅንጣት ሲለካ አሥራ ሁለት ኢንች መሆን አለበት፤ የእኔ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል አልፏል። አዲስ ካቴና ገዝቼ መጣሁ፤ እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ጥርሱ የተበላ ማርሽ ላይ አዲስ ካቴና ብታስገባ ይዘላል፣ ከነበረው ይብሳል፤ ወይ ሁለቱን ለውጥ ወይ ሁለቱን ተው። በማርቆስ ምዕራፍ 2 ጌታ ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተናገረውን በልቤ እያሰብኩ ፈገግ አልኩ። «ምን ያስቅሃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። «ልክ ነው፣ እራፊውም እንደዚያ ነው» አለና ሥራውን ቀጠለ። ሁለቱንም ለወጥን። ከእህቴ ገንዘብ ግማሹ እንኳ አላለቀም፤ ደውዬ ስነግራት በተረፈው ለልጅቷ የራስ ቆብ ግዛላት አለች። ቢጫ መረጠች፤ አሁን ቤት ውስጥም አታወልቀውም።

የቀረው የተሰነጠቀው አካል ነበር። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አስቤ ነበር። እናቴ ሰማችና ከት ብላ ሳቀች። «አባትህ ብረት አያመልክም ነበር። ሽጠውና ለቤቱ ከሰል ግዛ» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደወሉን አንድ ጊዜ እንድመታላት ጠየቀችኝ። መታሁት። ምንም አላለችም፤ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ለብረቱ ጭነት የዚያን ዘማሪ ታናሽ ወንድም ደወልኩለት። ስልኩን ከወንድሙ ነው ያገኘሁት። ባጃጁን ይዞ መጣ፤ አካሉን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደምነውና እኔ ከፊት እሱ አጠገብ ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ። ስለ ጎማ ዋጋ አወራን፤ ስለ እሾሁ፤ ስለ ነዳጅ ወረፋ። የተሰነጠቀውን ቦታ ሲያይ ጣቱን ብየዳው ላይ አደረገ። «አይ፣ እዚህ ጋ ነው» ብዬ አሳየሁት። ባጃጁን ዳር አስይዞ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። «ታዲያ እኮ ይህ ምንም አልሆነም ነበር» አለ። «አዎ» አልኩት። ስለ ቤተ ክርስቲያን አላነሣሁበትም፤ እሱ ግን እናቴ ደህና መሆኗን ጠየቀኝ፤ ድሮ ከጉባኤ በኋላ ሻይ ታፈላላቸው ነበር።

ብረቱ ተመዘነ፣ ተሸጠ። ሂሳብ አልቀበልም አለኝ፤ ግማሹን በግድ ኪሱ ከተትኩለት። ሽማግሌው የኋላው ቸርኬ እስከ ፋሲካ አያደርስም ብሎኛል። ያንንም ሳስለውጥ አሮጌውን የሚጭንልኝ ባለ ባጃጅ ያስፈልገኛል፤ ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ።